የባሕር ዛፍ ጥንካሬ የሚጠፋው የት ነው?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ወልቂጤ ይደርሳል። በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ያቀና ደግሞ ቡታጅራን ያገኛል። ቀድሞ በአንድ ዞን ሥር የነበሩት ሁለቱ ከተሞች ዛሬ አንዱ የጉራጌ ዞን፣ ሌላው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። በሁለቱም አቅጣጫ መንገዱን ግራና ቀኝ አጅቦ የሚሄደው ባሕር ዛፍ ነው። በከተሞቹ ዳር አጣናው፣ ቋሚውና ማገሩ በየውፍረቱ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። በየሰፈሩ የሚሠራው የጭቃ ቤት አጥንቱ ባሕር ዛፍ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት የሚጠቀመው ሕንጻም ቢሆን ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫና ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚደገፍበት እንጨት ከዚሁ ዛፍ ይመጣል።

ይህን ያህል የተመካንበት እንጨት ግን አስተያየት የሚያከራክር ነው። አንዱ ባሕር ዛፍ አይታመንም፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው ምስጥ ይጨርሰዋል፣ ጣሪያውም ይጎብጣል ይላል። ሌላው አባቱ በባሕር ዛፍ የሠሩት ቤት ዛሬም ቆሟል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የሁለቱን ቤቶች ዕጣ የለየው የዛፉ ስም ሳይሆን ዛፉ በስንት ዓመቱ ተቆረጠ፣ ደርቆ ነበር ወይስ እርጥብ፣ እግሩስ አፈር ውስጥ ነው ወይስ ድንጋይ ላይ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። ባሕር ዛፍ በተፈጥሮው ደካማ እንጨት አይደለም። ጥንካሬውን የሚያጣው ከጉቶው ተቆርጦ ግድግዳ እስኪሆን ባለው ጉዞ ላይ ነው። ይህ ደግሞ በአርሶ አደሩ፣ በነጋዴው፣ በአናጺውና በወረዳው ባለሙያ እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ለአንድ የገጠርም ሆነ የከተማ ቤተሰብ ቤት የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ለአርሶ አደሩም የባሕር ዛፍ ማሳው እንደ ባንክ ደብተር የሚቆጠር ነው፤ ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ መስቀል ሲቃረብ የሚመዘዘው ከዚያ ነው። እንጨቱ በግድግዳ ላይ ስሙ ከጠፋ ገበያውም አብሮ ይጠፋል።

ነጩና ቀዩ

ባሕር ዛፍ የአገራችን በቀል አይደለም፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናምኖ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ቸግሮ ስለነበር፣ ቶሎ የሚያድገው አዲስ ዛፍ ከተማዋን ባለችበት እንድትጸና ረድቷታል። ከዚያ በኋላ ከአርሶ አደር ወደ አርሶ አደር እየተሸጋገረ መላውን ደጋና ወይና ደጋ አዳርሷል።

በጉራጌ አካባቢ በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ሲሆን ቀዝቃዛውን ደጋ ይወዳል፤ እንደ ጉመርና ጌታ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ይስማማዋል። ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዩካሊፕተስ ካማልዱለንሲስ ደግሞ ሙቀትንና የዝናብ እጥረትን የተሻለ ስለሚቋቋም ለወይና ደጋውና ለቆላማው ክፍል ተመራጭ ነው። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በገበያቸው ሁለቱም ዓይነቶች ይገናኛሉ። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ውፍረቱንና ዋጋውን እንጂ ዓይነቱን አይደለም። ወደፊት እንደምናየው ይህ ልዩነት በተለይ መሬት ውስጥ ለሚቀበር እንጨት ትርጉም አለው።

እንጨቱ ምን ያህል ይሸከማል?

የእንጨት ጥንካሬ በአብዛኛው ከክብደቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በሚገባ ያደገና የደረቀ ነጭ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀዩም በዚያው አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለጣውላ የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ከዚህ ብዙ የቀለለ ነው። ስለዚህ በክብደትም በጥንካሬም ባሕር ዛፍ ከከባድ እንጨቶች ተርታ ይሰለፋል።

የሌላ አገር ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል። በስፔን የሚለማው ነጭ ባሕር ዛፍ ተፈትኖና ጉድለቱ ተጣርቶ ሲመደብ በአውሮፓ የእንጨት ደረጃ ዲ40 የሚባለውን እርከን ያገኛል። ቁጥሩ እንጨቱ ሲታጠፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 40 ኒውተን የሚደርስ ጫና እንደሚችል የሚያመለክት ነው። በዚያው አህጉር ለቤት ጣሪያ በብዛት የሚውለው ለስላሳ እንጨት የሚመደበው ሲ24 በሚባለው እርከን፣ ማለትም በ24 ኒውተን ነው። ይህ ማለት ግን በየገበያችን ያለው አጣና ሁሉ 40 ኒውተን ይችላል ማለት አይደለም። ያ ደረጃ የተሰጠው ለበሰለ፣ ለደረቀና አንጓውና ስንጥቁ ተለክቶ ላለፈ እንጨት ነው። ከተመሳሳይ ዝርያ የተገኘ፣ ነገር ግን በሦስትና በአራት ዓመቱ ተቆርጦ በሳምንቱ ግድግዳ የሆነ እንጨት ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ዕድሜ ነው። ማንኛውም ዛፍ በልጅነቱ የሚያበቅለው እንጨት፣ ማለትም በግንዱ መሐል ያለው ክፍል፣ ቀለል ያለና ደካማ ነው፤ ሲደርቅም ይበልጥ ይጣመማል። ዛፉ ዕድሜ ሲጨምር ከዚያ ውጪ የሚጨመረው ክፍል እየጠነከረ ይሄዳል። ቀጭን ወጣት አጣና ከዳር እስከ ዳር የልጅነት እንጨት ነው። ለማገር፣ ለአጥርና ለጊዜያዊ መወጣጫ ይበቃል። የቤት ምሰሶና ረጅም ወራጅ እንዲሆን መጠበቅ ግን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

የሁለት ሳንቲ ሜትር ዋጋ

ሁለተኛው ልዩነት ውፍረት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚታለልበት ቀላል ስሌት አለ። የክብ እንጨት የመታጠፍ ጥንካሬ የሚያድገው ከውፍረቱ ጋር እኩል ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ባለ 8 ሳንቲ ሜትርና ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አጣና ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። 8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 512፣ 10 ደግሞ 1000 ይሆናል። ባለ 8ቱ የባለ 10ሩን ግማሽ ያህል ብቻ ይሸከማል ማለት ነው። ባለ 12 ሳንቲ ሜትሩ 1728 ስለሚሆን ከሦስት ባለ 8 አጣናዎች ይበልጣል። የሚፈጀው እንጨት ግን ከአንዱ ባለ 8 ሁለት እጥፍ ከሩብ ብቻ ነው።

ጣሪያ እንዳይጎብጥ የሚያስፈልገው ግትርነት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የሚያድገው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 8ቱ የባለ 10ሩ 41 በመቶ ያህል ግትርነት ብቻ አለው። ርዝመትም እንዲሁ ነው። በሁለት ድጋፎች መሐል ያለው ርቀት ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሲያድግ፣ በሜትር የሚያርፈው ጭነት ሳይለወጥ፣ የወራጁ ጉብጠት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ለሚቆም ቋሚም ርዝመት ጠላት ነው። ውፍረቱ ሳይጨመር ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር የረዘመ ቀጭን ቋሚ ሳይለምጥ የሚችለው ጭነት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በወገቡ ላይ በማገር በሚገባ ከታሰረ ግን አቅሙ ብዙ ይጨምራል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤት ሠሪው ባለው ገንዘብ ብዙ ቀጫጭን አጣና ከሚገዛ ለወራጅና ለምሰሶ ጥቂት ወፍራም፣ ለማገር ቀጭን ቢገዛ ያተርፋል። ውፍረቱ መለካት ያለበትም በወፍራሙ ጫፍ ሳይሆን በቀጭኑ ጫፍ ነው። አርሶ አደሩም ሁለትና ሦስት ዓመት ታግሶ ዛፉ በጥቂት ሳንቲ ሜትር እንዲወፍር ቢያደርግ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት ዕቃ ሆኖ አይቀጥልም፤ ለሌላ ሥራ የሚውል፣ ሌላ ዋጋ የሚጠየቅበት ዕቃ ይሆናል።

እርጥብ እንጨት ሲመታ

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ እንጨቱ ክብደት ከግማሽ በላይ ነው። እንጨት ሲደርቅ መጀመሪያ በክፍተቶቹ ውስጥ ያለው ውሃ ይወጣል፤ በዚህ ደረጃ ቅርጹ ብዙም አይለወጥም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ከወረደ በኋላ ግን እንጨቱ ራሱ መኮማተር ይጀምራል፤ በዚያው ልክም ጥንካሬው ይጨምራል። ኩምትሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በግንዱ ዙሪያ ያለው ከመሐል ወደ ውጪ ካለው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውና የሚጣመመው በዚህ የተነሳ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ባሕር ዛፍ በፍጥነት ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ያጠራቅማል። የውጪው ክፍል ተወጥሮ፣ የመሐሉ ደግሞ ተጨምቆ ይኖራል። ዛፉ ሲቆረጥ ይህ ውጥረት ስለሚላቀቅ ጫፉ በቅጽበት ይሰነጠቃል። ለጣውላ የታሰበ ግንድ ጫፎቹን በሽቦ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ከሚፈለገው ርዝመት ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥና ፀሐይ ላይ ሳያውሉ ቶሎ መሰንጠቅ ጉዳቱን ይቀንሳል።

እርጥብ እንጨት ግድግዳ ሲሆን ግን መድረቁ የሚቀጥለው በቤቱ ላይ ነው። ምስማሩ የተመታበት ቀዳዳ ይላላል፣ ምርጊቱ ከቋሚው ይለያያል፣ በርና መስኮት አልዘጋም ይላል፣ ወራጁም በቆርቆሮው ክብደት ሥር እየደረቀ ስለሆነ ጎብጦ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው በጣሪያው ላይ የሚደርሰው ነው፤ የላላ ምስማር የያዘውን ቆርቆሮ የበልግ ነፋስ በቀላሉ ይገነጥለዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዛፉ እንደተቆረጠ፣ ቅርፊቱ ሳይጣበቅ፣ መላጥ አለበት። ከዚያም ከመሬት ከፍ ባሉ ድንጋዮች ወይም አግዳሚ እንጨቶች ላይ፣ በየረድፉ መሐል ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት እየተተወ፣ ጥላ ባለበት ቦታ መደርደር ነው። ጫፉን ቀለም ወይም እበት መቀባት ውሃው በጫፉ በኩል ቶሎ ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው ያግዛል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ተቆርጦ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የበጋ አየር ያገኘ ቀጭንና መካከለኛ አጣና ከእርጥቡ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወፍራሙ ግን ከዚህም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ለምስማር ጠንካራ ስለሆነ በተለይ ከጫፍ አካባቢ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ከመሰንጠቅ ያድነዋል።

እግሩ ላይ የሚበላው ቤት

በአካባቢው የፈረሱ የጭቃ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚፈርሱት ከላይ አይደለም። የቋሚው የላይኛው ክፍል ደህና ሆኖ ሳለ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ከመሬት በላይና በታች ባለው አንድ ክንድ ውስጥ፣ ይበሰብሳል ወይም በምስጥ ይበላል። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ለመኖር እርጥበትና አየር ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። በመሬቱ ወለል ላይ ግን እርጥበቱም አየሩም በአንድነት ይገኛሉ፤ ምስጡም የሚመጣው ከዚያው ነው።

እዚህ ላይ የዝርያውና የዕድሜው ልዩነት ይመጣል። በአውስትራሊያ የእንጨት ዘላቂነት ደረጃ መሠረት መሬት ውስጥ ለሚቀበር እንጨት የቀይ ባሕር ዛፍ ልብ ሁለተኛ፣ የነጩ ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ምድብ ከ15 እስከ 25 ዓመት፣ ሦስተኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ይገመታል። ይህ ግምት ግን ለበሰለ ዛፍ ውስጠኛ ክፍል፣ ልብ ለሚባለው ጠቆር ያለ እንጨት፣ ብቻ ነው። በውጪ ያለው ነጣ ያለ ክፍል በየትኛውም ዝርያ ለምስጥና ለመበስበስ የተጋለጠ ነው። ወጣት አጣና ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ውጫዊ ክፍል ነው።

የጉራጌ ባሕላዊ ቤት ለዚህ ችግር የራሱ መልስ ነበረው። በጀፎሮው ዳር ተሰልፎ የሚታየው ክብ ሳር ቤት መሐሉን የሚሸከመው ምሰሶ የሚመረጠው ከጠንካራና ከበሰለ እንጨት ነው፤ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ በቅርብ ይገኙ በነበረበት ዘመን ምርጫው ሰፊ ነበር። በቤቱ ውስጥ ዕለት ዕለት የሚነደው እሳት ጭሱ ሳሩንም እንጨቱንም ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። ክዳኑ ወደ ታች ወርዶ ግድግዳውን ከዝናብ ይከልላል። አሁን የሚሠራው አራት ማዕዘን ባለ ቆርቆሮ ቤት እነዚህን ሦስቱንም ጥበቃዎች አጥቷል። እንጨቱ ወጣት ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ማብሰያው ወደ ሌላ ቤት ወጥቷል፣ የቆርቆሮው ክፈፍም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ለጤናና ለንጽሕና ሲባል ጭሱ ከመኖሪያ ቤት መውጣቱ መልካም ነው። እንጨቱ ግን በምትኩ ሌላ ጥበቃ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥበቃ እንጨቱን ከአፈር መለየት ነው። ቋሚውን ከመቅበር ይልቅ ከመሬት ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆምና ነፋስ እንዳያነሳው በመሠረቱ ውስጥ በተቀበረ ብረት ማሰር የቤቱን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝማል። በተለይ ለቡታጅራ አካባቢ ድንጋይ ሩቅ አይደለም። አካባቢው የቀድሞ እሳተ ገሞራዎች የተረጩበት ስለሆነ ጥቁሩም ቀዩም ድንጋይ ይገኛል። ከእንዲህ ዓይነት መሠረት ጋር የቆርቆሮውን ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ማስወጣት፣ በቤቱ ዙሪያ ውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈርና ምስጥ በመሠረቱ ላይ ሠርቶ የሚወጣበትን የአፈር መንገድ እየተከታተሉ ማፍረስ ይጨመራል።

ሁለተኛው ጥበቃ መድኃኒት ነው። ለመብራትና ለስልክ መስመር የሚቆሙት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ለብዙ ዓመታት የሚቆዩት በትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ በከፍተኛ ግፊት መከላከያ ኬሚካል እንዲጠጡ ስለሚደረግ ነው። የሚገርመው፣ ለምስጥ የተጋለጠው ውጫዊ ክፍል ኬሚካሉን በደንብ የሚመጠውም እርሱ ነው፤ ልቡ ግን አይቀበልም። ስለዚህ ወጣት ክብ እንጨት ያለ ሕክምና የማይታመን ቢሆንም በሚገባ ከታከመ ግን ከሁሉ የተሻለ የመሬት ውስጥ ቋሚ ሊሆን ይችላል። በየመንደሩ የተለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትና እግሩን በእሳት መለብለብ የሚሠሩት በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ በኩል ያልፋል። የሞተር ዘይት ደግሞ አፈርንና የጉድጓድ ውሃን ይበክላል። በግፊት የታከመ እንጨት ቁራጭም መርዛማ ጭስ ስላለው በምንም ምክንያት ለማገዶ መዋል የለበትም።

የአርሶ አደሩ ስሌት

ለግንባታ የሚሆን እንጨት መዘጋጀት የሚጀምረው በችግኝ ተከላ ነው። በአንድ ሜትር ርቀት የተተከለ ሩብ ሄክታር 2500 ችግኝ ይይዛል። ዛፎቹ ለብርሃን ስለሚሻሙ ቀጥ ብለው ይረዝማሉ፣ ነገር ግን አይወፍሩም። በሁለት ሜትር ርቀት ከተተከለ 625 ችግኝ ብቻ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ግን የሚወፍርበት ቦታ ያገኛል። አስታራቂው መንገድ በጠባቡ ተክሎ ማሳሳት ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ቀጫጭኑና ጠማማው ለማገርና ለማገዶ ተቆርጦ ሲሸጥ፣ ቀጥ ያሉትና ጤነኞቹ በቂ ርቀት ጠብቀው ይቀራሉ። የመጀመሪያው ሽያጭ የዓመቱን ችግር ይሸፍናል። የቀሩት ደግሞ ለምሰሶ፣ ለወራጅ፣ ሲቆዩም ለጣውላ ይደርሳሉ። ገንዘብ ባስቸገረ ቁጥር ማሳውን ጠርጎ ከመሸጥ ይልቅ ከማሳው ላይ መርጦ መቁረጥ ማለት ነው።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ አቆራረጡ የሚቀጥለውን ምርት ይወስናል። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ሆኖ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ በንጹሕ መቆረጥ አለበት። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ስለሚወጣ ዝም ከተባለ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቀንበጦችን ማስቀረት፣ ሥር ከያዙ በኋላ ደግሞ ለግንባታ እንጨት አንዱን ብቻ መተው ይመከራል።

አሻሻጡም መታየት አለበት። ማሳን በቁሙ፣ በዓይን ግምት መሸጥ የተለመደ ነው። ገዢው ነጋዴ ዛፍ በማየት ልምድ ስላለው ብልጫው የእርሱ ነው። ዛፎችን በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በሜትር ዙሪያቸውን ለክቶ፣ በየውፍረቱ ቆጥሮ መደራደር ምንም ወጪ የለውም። ዙሪያው 31 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 38 ከሆነ 12 ይሆናል። ጎረቤታሞች በጋራ ቆርጠው፣ ልጠውና አድርቀው ቢሸጡ ደግሞ ከቁም ዛፍ ዋጋ ላይ የማድረቁን ዋጋ ይጨምራሉ፣ ለጭነትም እንጨቱ ይቀላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ባሕር ዛፍ በማንኛውም መሬት ላይ ይተከል ማለት አይደለም። ከእንሰት፣ ከጫትና ከእህል ማሳ ጋር ሲጎራበት በሥሩ ውሃንና ንጥረ ነገርን፣ በጥላው ደግሞ ብርሃንን ይሻማል። ምንጭ አጠገብና ረግረግ ዳር መትከልም አይመከርም። ለእርሻ የማይመቹ ተዳፋትና የተራቆቱ መሬቶች የተሻለ ቦታው ናቸው። ጥቂት መሬት ላይ ወፍራምና ዋጋ ያለው እንጨት ማምረት ደግሞ ሌላውን መሬት ለምግብ ሰብል ያተርፋል።

ከጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው

የእንጨቱ ጥራት በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚፈታ አይደለም። የግብርና ጽሕፈት ቤት ዛፉን ያያል፣ የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት ቤቱን ያያል፤ በመሐል ያለውን አጣና ግን የራሴ የሚለው የለም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደን ባለይዞታን መብት አውቋል። በ1987 ዓ.ም. ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ደረጃዎች አምስተኛው ክፍል ስለ እንጨት አጠቃቀም የተዘጋጀ ነው። ሁለቱ በገበያ ላይ የሚገናኙበት ድልድይ ግን በወረዳና በከተማ ደረጃ መሠራት አለበት።

ከየት መጀመር እንደሚቻልም ግልጽ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ችግኝ ብቻ ሳይሆን ስለ ማሳሳት፣ ስለ አቆራረጥና ስለ ማድረቅም ቢያስተምሩ አንደኛው እርምጃ ነው። የእንጨት መሸጫ ቦታ ሲሰጥ ጥላና ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ እንዲኖረው ቢደረግ፣ እንጨቱም በቀጭኑ ጫፍ ውፍረቱና በድርቀቱ ተለይቶ ቢሸጥ፣ ገዢው የሚገዛውን ያውቃል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሠለጥኑ አናጺዎች የድንጋይ መሠረት ላይ ቋሚ ማሰርን እንደ መደበኛ አሠራር ቢማሩ ልማዱ በአንድ ትውልድ ይለወጣል። ጉብርየ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በምሕንድስናና በግብርና የሚያስተምር ተቋም በመሆኑ፣ የአካባቢውን እንጨት በየዕድሜውና በየዝርያው ፈትኖ ለአናጺው የሚገባ ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት የተመቸ ነው። ወጣቶችን በማኅበር ለማደራጀት ሲታሰብም እንጨት ማድረቅና ማከም ጥሬ ዕቃው በደጅ ያለ ሥራ ነው።

መወጣጫም መዘንጋት የለበትም። በሕንጻ ላይ ተሰቅሎ የሚሠራ ወጣት ሕይወቱ የሚንጠለጠለው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። የተሰነጠቀ፣ ምስጥ የቀመሰ ወይም ለብዙ ሕንጻ ሲያገለግል የቆየ አጣና ለማገዶ እንጂ ለመወጣጫ አይሆንም። የግንባታ ተቆጣጣሪ ብረትና ሲሚንቶ በሚፈትሽበት ዓይን ይህንንም መፈተሽ ይኖርበታል።

በመጪው ጥቅምት ማሳው ላይ ምሳር ይዞ የሚቆም አርሶ አደር፣ በዚያው ወር ቤት ለመሥራት እንጨት የሚጠይቅ ገዢም፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቢይዙ ይበጃቸዋል፤ ይህ እንጨት ለየትኛው የቤቱ ክፍል ነው? ለማገር ከሆነ ወጣቱ ይበቃል። ለወራጅና ለቋሚ ከሆነ ዕድሜ፣ ውፍረትና የበጋ አየር ይፈልጋል። መሬት ለሚነካ ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ወይም በግፊት የገባ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ይህን ሳይለዩ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ጥፋቱን ባሕር ዛፍ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ዛፉ ግን ቀድሞውንም የማይችለውን ሥራ ነው የተሰጠው።